መደመርና መቀነስ ብቻ የሚያውቀው የሳይንስ ካልኩሌተር

የ60 ዲግሪ ታንጀንት ስንት ነው? ዛሬ አንድ ተማሪ ይህን ጥያቄ በእጅ ስልኩ በቅጽበት ይመልሳል። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ግን መሐንዲሶችና የሳይንስ ባለሙያዎች መልሱን የሚያገኙት የቁጥር ሠንጠረዥ ካላቸው መጻሕፍት ወይም ስላይድ ሩል ከሚባለው ተንሸራታች የስሌት ማስመሪያ ነበር። ማስመሪያው በዓይን የሚነበብ በመሆኑ ትክክለኛነቱ ከሦስት አኃዝ ብዙም አያልፍም።

ይህን ልማድ የለወጠው እ.ኤ.አ በ1972 የአሜሪካው ሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ኤች.ፒ 35 የተሰኘው የኪስ ካልኩሌተር ነው። ስያሜውን ያገኘው ከ35 ቁልፎቹ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዋጋው 395 ዶላር ነበር። በዘመኑ የነበሩት አብዛኞቹ የእጅ ማስሊያዎች ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፉም። ይህ መሣሪያ ግን ሳይንን፣ ኮሳይንን፣ ታንጀንትንና ሎጋሪዝምን ጭምር አስልቶ ውጤቱን እስከ 10 አኃዝ ድረስ በቀይ ብርሃን ያሳይ ነበር።

ኩባንያው ተመሳሳይ ስሌት የሚሠራ የጠረጴዛ ማሽን እ.ኤ.አ በ1968 አስቀድሞ ሠርቷል። ሆኖም ያ ማሽን 18 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝንና 4 ሺህ 900 ዶላር የሚያወጣ ነበር። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆኑት ዊሊያም ሂውሌት ይኸው ማሽን በሸሚዝ ኪስ እንዲገባ ሆኖ እንዲሠራ ፈለጉ። እንዲህ ላለው ውድ ዕቃ በቂ ገዢ አይኖርም የሚል የገበያ ጥናት ቢቀርብላቸውም ሥራው እንዲቀጥል ወሰኑ።

የመሐንዲሶቹ ዋነኛ ፈተና የቦታ ጥበት ነበር። በመሣሪያው ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ቺፖች አምስት ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱ በፋብሪካ በቋሚነት የተጻፉ ትዕዛዞችን ይይዛሉ፤ የትዕዛዞቹም ብዛት በጠቅላላው 768 ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ረጃጅም የሳይንና የሎጋሪዝም ሠንጠረዦችን ማስቀመጥ አይቻልም። ስሌቱን የሚያከናውነው ቺፕም በራሱ የሚችለው መደመርን፣ መቀነስንና የቁጥሮችን አኃዝ ወደ ጎን ማንሸራተትን ነው።

መፍትሔው የተገኘው ጃክ ቮልደር የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ ለአውሮፕላን አቅጣጫ መምሪያ ቀምረው እ.ኤ.አ በ1959 ካሳተሙት ዘዴ ነው። የኩባንያው መሐንዲስ ዴቪድ ኮክራን ይህን መሰል ዘዴ በአስርዮሽ ቁጥር እንዲሠራ አድርገው ለኪስ ካልኩሌተሩ አዘጋጁት። የዘዴው ምሥጢር አስቸጋሪውን ማዕዘን አስቀድመው ወደሚታወቁ ጥቂት ማዕዘኖች መከፋፈል ነው። በማሽኑ ውስጥ የተቀመጡት ማዕዘኖች ታንጀንታቸው 1፣ 0.1፣ 0.01፣ 0.001 እያለ የሚቀጥል ሲሆን፣ እነርሱም በዲግሪ 45፣ 5.7106፣ 0.5729፣ 0.0573 ገደማ ናቸው።

ተጠቃሚው 60 ዲግሪ ቢያስገባ ማሽኑ በመጀመሪያ 45ን አንድ ጊዜ ይቀንሳል። ከቀሪው 15 ላይ 5.7106ን ሁለት ጊዜ፣ ቀጥሎ 0.5729ን ስድስት ጊዜ፣ ከዚያም 0.0573ን ሁለት ጊዜ ይቀንሳል፤ ስንት ጊዜ እንደቀነሰም ይቆጥራል። ከዚህ በኋላ በአግድም የተኛን አንድ ቀስት በእነዚሁ ማዕዘኖች ልክ ደረጃ በደረጃ ያዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ከቀስቱ ቁመት የተወሰነ ክፍልፋይ ከአግድም ርዝመቱ ላይ ይቀነሳል፤ ከአግድም ርዝመቱም ተመሳሳይ ክፍልፋይ በቁመቱ ላይ ይደመራል። ክፍልፋዩ አንድ አሥረኛ ወይም አንድ መቶኛ ከሆነ ማካፈል አያስፈልግም፤ አኃዞቹን አንድ ወይም ሁለት ቦታ ወደ ቀኝ ማንሸራተት በቂ ነው።

ከ11 ዙር በኋላ ቁመቱ ለአግድሙ ሲካፈል 1.73 ይሆናል። ትክክለኛው መልስ 1.732 ገደማ ስለሆነ የቀሩት ጥቃቅን ዙሮች ልዩነቱን ያጠብባሉ። ሳይንና ኮሳይንም የሚሰሉት ከዚሁ ታንጀንት ተነሥቶ ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር።

የመሣሪያው አጠቃቀምም ከተለመደው ይለያል። የእኩል ይሆናል ምልክት የለውም፤ 3ን ከ4 ጋር ለመደመር መጀመሪያ ሁለቱ ቁጥሮች በተራ ይገባሉ፣ የመደመሪያው ቁልፍ የሚነካው በመጨረሻ ነው። በአማርኛ «ሦስትንና አራትን ደምር» ሲባል ትዕዛዙ ከቁጥሮቹ በኋላ እንደሚመጣ ማለት ነው። ማሽኑ እስከ አራት ቁጥሮችን ደራርቦ ስለሚይዝ ረዥም ስሌት ያለ ቅንፍ ይሠራ ነበር።

ትዕዛዞቹ በቺፑ ላይ በቋሚነት የተጻፉ መሆናቸው ግን የራሱ መዘዝ ነበረው። ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ካልኩሌተሮች ከተሸጡ በኋላ አንድ ስሕተት ተገኘ። የ2.02 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ተሰልቶ ውጤቱ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ 2.02 መሆን ሲገባው መሣሪያው 2 ብሎ ይመልስ ነበር። ስሕተቱ የሚታየው በተወሰኑ ቁጥሮች ላይ ብቻ ቢሆንም ድልድይ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ለሚነድፍ መሐንዲስ የአንድ በመቶ ልዩነት ቀላል አይደለም። የተጻፈውን ትዕዛዝ ማረም የሚቻለው ቺፑን በመለወጥ በመሆኑ ኩባንያው ጉዳዩን ለደንበኞቹ አሳውቆ እንዲቀየርላቸው ዕድል ሰጠ።

ይህ እንከን ገዢዎችን አላራቀም። ካልኩሌተሩ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 100 ሺህ ገደማ ተሸጧል፤ ስላይድ ሩልም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመሐንዲሶች ጠረጴዛ ተነሣ። በማዕዘን ማዞር ላይ የተመሠረተው የስሌት ዘዴ ደግሞ አቅማቸው አነስተኛ በሆኑ ቺፖች ውስጥ ዛሬም ያገለግላል። በመስኮቱ ላይ የሚበሩት አሥር አኃዞች የማይሳሳት ማሽን ቃል ቢመስሉም፣ ሰው የጻፋቸው የ768 ትዕዛዞች ውጤት ናቸው፤ የመልሱም ትክክለኛነት ከእነዚያ ትዕዛዞች ትክክለኛነት አይበልጥም።