ሕመሙ ሳይለቅ መተንፈስ

ከፋርታ፣ ከእስቴና ከጋይንት ወደ ደብረ ታቦር ለፊዚዮቴራፒ የሚመጡት ብዙዎቹ ሕመማቸው ዓመታት ያስቆጠረ ነው። ሲያርስ የኖረውን ወገቡን ይጠዘጥዘዋል፤ ውኃ በጀሪካን ስታዝል ያረጀችውን ትከሻዋን ይቆረጥማታል፤ ድንች ሲኮተኩት ጎንበስ ብሎ የሚውለውን እስከ ተረከዙ ያቃጥለዋል። ራጅ ተነሥተዋል፣ ጠበል ተጠምቀዋል፣ ወጌሻ አሽቷቸዋል፣ ዳይክሎፌናክ ተወግተዋል። መርፌው ለጥቂት ቀን ያሳርፍና ሕመሙ ይመለሳል። ክኒኑን በጾም ወቅት በባዶ ሆድ የሚውጡም አሉ፤ ጨጓራቸው ሲደማ ወይም ኩላሊታቸው ሲጎዳ በአንዱ ሕመም ላይ ሌላ ይጨመርባቸዋል።

ለእነዚህ ሰዎች ከምርመራውና ከእንቅስቃሴው ጋር ዝግ ያለ አተነፋፈስ ማስተማር የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል ግን ሕመምተኛው ክፉ ነገር ሊሰማ እንደሚችል አውቃለሁ። «ሕመምህ የሐሳብ ነው፤ ሂድና ተንፍስ» እንደተባለ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ወገቡን ሳልዳስስ፣ እግሩን ሳላነሣ፣ ጉልበቱን ሳልፈትን ስለ ትንፋሽ አንድ ቃል አልናገርም። ያልተዳሰሰ ሰው አልታመንኩም ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ሕመም ከሦስት ወር ሲያልፍ ሥር የሰደደ ይባላል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ጉዳት ድኖም ሊሆን ይችላል፤ የነርቭ ሥርዓቱ ግን ይነቃል፣ ይሳላል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ከተጠጋ በኋላ የክረምት ነጎድጓድ በሰማ ቁጥር ልቡ የሚደነግጥ ሰው እዚህ ብዙ ነው። ድንጋጤው ውሸት አይደለም፤ ጆሮው አደጋን መጠበቅ ለምዶ ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ነርቭም እንዲሁ ነው። ትንሹን መነካት እንደ ትልቅ አደጋ ያስተላልፋል። ሰውየው ውጋቱ ሲመጣ ትንፋሹን ያምቃል፣ ትከሻውን ይሰቅላል፣ የወገቡ ጡንቻ ይጠብቃል፤ የጠበቀው ጡንቻ ደግሞ ራሱ ያማል።

ዝግ ያለ ትንፋሽ የሚገባው እዚህ መሐል ነው። አየር ቀስ ብሎ ሲወጣ ከአንጎል ወደ ልብና ሆድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ሥራው ይጎላል፤ የልብ ምት ይረጋጋል፤ ጡንቻውም ይላላል። ውጋቱ ላይጠፋ ይችላል። በውጋቱ ላይ የሚደረበው ፍርሃት ግን ይቀንሳል።

ትንፋሽን በማስተዋል መከታተልን ወደ ሆስፒታል ካስገቡት መካከል ጆን ካባት ዚን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የሜዲቴሽን ሥልጠና ሲጀምር ከተቀበላቸው ውስጥ ሌላው ሕክምና ብዙም ያልረዳቸው የቆየ ሕመም ያለባቸው ይገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ደግሞ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 342 ሰዎች ተከታተለ። ከስድስት ወር በኋላ ይህን ሥልጠና ከወሰዱት 61 በመቶው የዕለት ሥራቸውን መሥራት ላይ ጉልህ መሻሻል አሳዩ፤ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቆዩት ይህን ያሳዩት 44 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ተአምር አይደለም። ጨጓራ ለማያቆስልና ገንዘብ ለማይጠይቅ ነገር ግን ትልቅ ነው።

እዚህ አገር የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። «ሜዲቴሽን» የሚለውን የሰማ ሰው «ባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?» ይላል። አንዲት ወገባቸውን የሚያማቸው እማሆይም ጠይቀውኛል። መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ነበር። «እማሆይ፣ አንቱ የሚያውቁትን ነው የምጠይቅዎ። እግዚኦታውን ሲያደርሱ በአንድ ትንፋሽ አንዱን ይበሉ፣ አይቸኩሉ» አልኳቸው። ጸሎት ለሕመም ማስታገሻ የተሠራ መሣሪያ ነው ማለቴ አይደለም፤ የጸሎት ዓላማው ከዚያ በላይ ነው። አካሉ ግን ከጸሎቱ ጋር አብሮ ይተነፍሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ በጣሊያን 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት ሲያደርሱ ለክተው ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት እንደሚወርድና የልብና የደም ግፊት ሥርዓቱም አብሮ እንደሚስተካከል አሳይተዋል። ሙስሊም ታካሚዎቻችን በተስቢሓቸው ዚክር ሲያደርጉም ሳይጣደፉ በትንፋሽ ልክ ማድረግ ይችላሉ።

አደራረጉ ይህ ነው። መደብ ላይ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ማጠፍ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ ማድረግ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። ሐሳብ ወደ ልጅ፣ ወደ ከብት፣ ወደ ዕዳ ሲሄድ ራስን ሳይቆጡ ወደ ትንፋሽ መመለስ። ጧትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ ለመጀመሪያ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን በኃይል መሳቡ ላይ ነው፤ እጅግ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ ራስን ያዞራል፣ ከንፈርና ጣትን ይነዝራል። ዝግታው እንጂ ብዛቱ አይፈለግም። ጀሪካን ሲያነሡም ትንፋሽን ከማመቅ እያስወጡ ማንሣት ይሻላል።

በጦርነት የቆሰሉትን በተለየ ጥንቃቄ ነው የምይዛቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ውስጥ ሲያዳምጡ ያዩት ነገር ተመልሶ የሚመጣባቸው አሉ። እነሱን ዓይናችሁን አትጨፍኑ፣ እግራችሁን መሬት አስረግጡ፣ የጉናን ተራራ እያያችሁ ተንፍሱ እላቸዋለሁ። የሚያስጨንቃቸው ከሆነ እናቆመዋለን፤ ማንም ሊገደድ አይገባም።

የሥራ ባልደረቦቼን የምጠይቀው መርፌ ከማዘዛችሁ በፊት ለዚህ አምስት ደቂቃ እንድትሰጡ ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ እግርዎ እየዛለ ከሄደ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎ፣ መቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘዎ፣ ወይም ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ትንፋሽ ሲለማመዱ አይቆዩ። የአከርካሪ ቲቢ ወይም የነርቭ መጨፍለቅ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።