በቤት ለሚማሩ ልጆች የስፔሊንግ ካሪኩለም መምረጥ፦ የሚባለውና እውነታው

በአሜሪካ ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። በወረርሽኙ ዓመት፣ በ2020፣ የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባደረገው ዳሰሳ፣ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች ውስጥ በቤት የሚያስተምሩት በሚያዝያ 5.4 በመቶ ነበሩ፤ መስከረም ሲያልቅ 11.1 በመቶ ደረሱ። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዳላስ ያሉ የሐበሻ ቤተሰቦችም ከዚህ ማዕበል ውጭ አልነበሩም። ሒሳብ ላይ ወላጆች ብዙም አይከራከሩም። ስፔሊንግ ላይ ግን ሁሉም አንድ የሰማው ነገር አለው፤ ከቅዳሴ መልስ በቡና ላይ የሚነገረውን ሁሉ የሰማ ሰው ሦስት ካሪኩለም ገዝቶ አንዱንም ሳይጨርስ ዓመቱ ያልቅበታል።

«መንግሥት ያጸደቀው መጽሐፍ አለ፤ እሱን መግዛት ግዴታ ነው።»

እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ቴክሳስ በቤት ለሚማሩ ልጆች የሚያስፈልጉትን ሲዘረዝር ስፔሊንግን በስሙ ይጠራል፤ በየትኛው መጽሐፍ ይማሩት የሚለውን ግን ለወላጅ ትቶታል። ሜሪላንድ እንግሊዝኛን ጨምሮ ስምንት የትምህርት ዓይነቶችን ይጠይቃል፤ የአካባቢው የትምህርት አስተዳደርም የልጁ ሥራ የተሰበሰበበትን ፋይል በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያይ ይችላል። የሚያየው ልጁ የሠራውን ነው እንጂ የመጽሐፉን ስም አይደለም። ወሬው የጸናው አገር ቤት የተማሪ መጽሐፍ ከትምህርት ሚኒስቴር ስለሚመጣ ነው፤ እዚያ ወላጅ መጽሐፍ የሚመርጥበት አጋጣሚ እምብዛም አልነበረም። ሌላው ምንጩ አውሮፓ ያለ ዘመድ ነው። ጀርመን ውስጥ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ በቤት ማስተማር ክልክል ስለሆነ ከዚያ በስልክ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው፤ ለሜሪላንድና ለቴክሳስ ግን አይሠራም።

«እንግሊዝኛ ሕግ የለውም፤ መሸምደድ ብቻ ነው።»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው፤ በምርጫ ላይ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰውም እሱው ነው። በ1966 የታተመው የስታንፎርዱ የፖል ሃናና የባልደረቦቹ ጥናት ከ17,000 በላይ ቃላትን በኮምፒውተር ፈትሿል። ኮምፒውተሩ የተሰጠው የትኛው ድምፅ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ የሚደነግጉ ሕጎችን ብቻ ነበር። በእነዚያ ብቻ ከቃላቱ ግማሽ ያህሉን ያለ አንዳች ስህተት ጻፈ፤ ከቀሩትም ውስጥ አብዛኞቹን የሳተው በአንድ ድምፅ ብቻ ነው።

ያቺ አንዲት ስህተትም ብዙ ጊዜ የቃሉን ዘር በማወቅ ትቃናለች። ፊርማ ማለት በሆነው «ሲግኔቸር» ውስጥ «ጂ» በግልጽ ትሰማለች፤ «ሳይን» ሲባል አትሰማም፤ ግን ተጽፋለች። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ቤት ስለወጡ አጻጻፉ ዝምድናቸውን ይዞ ቆይቷል። «ናይፍ» ፊት የምትጻፈው «ኬ» ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ የምትነበብ ነበረች። ዊልያም ካክስተን በ1476 የማተሚያ መኪናውን እንግሊዝ ካስገባ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ፤ የሰው አፍ ግን መለወጡን አላቆመም። ዛሬ ወላጅን የሚያናድደው አብዛኛው ዝምተኛ ፊደል የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ስህተቱ የማይጠፋው ወጣ ያሉት ቃላት በቁጥር ጥቂት ሆነው ሳለ በአጠቃቀም ከሁሉ የበዙ ስለሆኑ ነው። «ሴድ»፣ «ዋዝ»፣ «ዘይ»፣ «ኦቭ»፣ «ዋንስ»፦ ልጅ በመጀመሪያው የንባብ ገጽ ላይ የሚያገኛቸው እነዚህን ነው። አምስቱም በድምፃቸው አይጻፉም፤ ያየ ሁሉ ቋንቋው በሙሉ እንዲህ ይመስለዋል። እነሱን በየሳምንቱ ሁለት ሦስት እያደረጉ ለብቻ ማስያዝ ይቻላል፤ የቀረው በሥርዓት ይማራል። ስለዚህ ካሪኩለም ሲገለጥ መጀመሪያ የሚታየው ቃላቱ በምን እንደተሰበሰቡ ነው። «የእርሻ እንስሳት»፣ «የአየር ሁኔታ» እያለ በርዕስ የሚሰበስብ መጽሐፍ ለቃላት እውቀት ይጠቅም ይሆናል፤ ስፔሊንግ ግን አያስተምርም፤ የላምና የዶሮ ስም አጻጻፋቸው አይገናኝምና። በድምፅና በአጻጻፍ ሥርዓት የሚሰበስበው ነው የሚፈለገው።

«ልጁ ብዙ ካነበበ ስፔሊንጉ ራሱ ይመጣል።»

ለጥቂት ልጆች ይመጣል፤ ወሬውን ያቆዩትም እነሱ ናቸው። ማንበብ የተጻፈውን ማወቅ ነው፤ መጻፍ ከባዶ ወረቀት ላይ ከአእምሮ ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው ይከብዳል። ስቲቭ ግራሃምና ታንያ ሳንታንጀሎ በ2014 ያወጡት የ53 ጥናቶች ግምገማ ነገሩን ዘግቶታል ማለት ይቻላል፦ ስፔሊንግ በቀጥታ የተማሩ ልጆች እንዲሁ ይይዙታል ተብለው ከተተዉት ይበልጣሉ። ጥቅሙ ወደ ንባብም ይሻገራል፤ ማለትም ከሚነገረው በተቃራኒ መጻፉ ማንበቡን ይረዳል።

«ዓርብ ዲክቴሽን ሃያ ከሃያ ካገኘ ችሎታል።»

አገር ቤት የተማረ ሁሉ ዲክቴሽን ያውቃል፤ ስለዚህ ወላጆች ሳይከራከሩ የሚቀበሉት ዘዴ ይህ ነው፦ ሰኞ ዝርዝር ይሰጣል፣ ሐሙስ ማታ ይጠናል፣ ዓርብ ይፈተናል። ፈተናው ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ከአእምሮ ማውጣትን ያስለምዳል። ጥፋቱ ሐሙስ ማታ የተጨናነቀው ነገር ሰኞ አለመኖሩና መጽሐፉም ተመልሶ አለመጠየቁ ነው። ያው ልጅ ዓርብ በትክክል የጻፈውን ቃል በሳምንቱ ለአያቱ በሚጽፈው ካርድ ላይ ይስተዋል፤ ማርኩ ግን ማቀዝቀዣው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ወላጅን የሚያሳስተውም የሚታይ ቁጥር መኖሩ ነው።

ከዚሁ ጋር «አሥር ጊዜ ጻፈው» የሚባለው አለ። የሰባት ዓመት ልጅ «ቢኮዝ» የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ጻፍ ሲባል እጁን ልብ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ይገለጥለታል። መጀመሪያ አሥር «ቢ» ከላይ እስከ ታች ይደረድራል፤ ቀጥሎ አሥር «ኢ»፤ ከዚያ አሥር «ሲ» እያለ በዓምድ ይሞላዋል። ገጹ ቆንጆ ሆኖ ያልቃል፤ ቃሉን ግን አንድ ጊዜም አልጻፈውም። አይቶ፣ ሸፍኖ፣ ከራሱ አውጥቶ ጽፎ፣ ገልጦ ማስተያየት ሦስት ጊዜ ቢደረግ ከዚያ ይሻላል። ጥሩ ካሪኩለም ያለፈውን ትምህርት ቃላት በዛሬው ዓረፍተ ነገር ውስጥ መልሶ ያመጣቸዋል፤ ይህን የማያደርግ መጽሐፍ ሥዕሉ ቢያምርም ይቅር።

«በግምት ሲጽፍ ዝም ካሉት ስህተቱን ይለምደዋል።»

የአምስት ዓመት ልጅ «ትሬን» የሚለውን ቃል በ«ቲ-አር» ሳይሆን በ«ሲ-ኤች-አር» ቢጀምረው ተሳስቷል፤ ጆሮው ግን አልተሳሳተም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቃሉን ሲጠሩት መነሻው በእርግጥም ወደ «ች» ያዘነብላል። ቻርልስ ሪድ በ1971 እንዳሳየው የሕፃናት ግምት ዘፈቀደ አይደለም፤ የሰሙትን ተከትለው የሚወስኑት ነው። ጂን ዌሌትና ሞኒክ ሴኔሻል በ2008 ያወጡት ጥናት ደግሞ በግምት እየጻፉ ለየጽሑፋቸው አስተያየት የተሰጣቸው የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ማንበብ ሲማሩ እንደ ቀደሙ አሳየ።

ሥጋቱ የመጣው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው ቀይ እስክሪብቶ ያልነካው ደብተር የማይታወቅበት ያደግንበት ክፍል ነው። ሁለተኛው እዚሁ አሜሪካ፣ በ1980ዎቹና 90ዎቹ፣ አንዳንድ ክፍሎች ግምቱን ተቀብለው ማስተማሩን መተዋቸው ነው፤ ያ በእርግጥም ጎድቷል። እንግዲህ አስተያየቱ የግድ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማረም ግን አያስፈልግም። ያስተማሩትን ሕግ የነካውን አንድ ቃል ማሳየት ይበቃል።

«እኔ አክሰንት አለኝ፤ ልጄን ስፔሊንግ ላስተምር አልችልም።»

መርከቡንና በጉን፣ ማለትም «ሺፕ» እና «ሺፕ»ን፣ አንድ አድርጎ የሚጠራ ወላጅ ብዙ ነው። ልጁ ግን እዚሁ ተወልዶ ወይም በሕፃንነቱ መጥቶ ሁለቱን ይለያል። ስለዚህ ቃሉ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ይነገረው፤ ከዚያ ልጁ ራሱ ጮክ ብሎ ይጥራው፤ የሚጽፈው የራሱን አነጋገር ሰምቶ ነው። «ኦል አባውት ስፔሊንግ» እና «ሎጂክ ኦቭ ኢንግሊሽ» የመሳሰሉት ካሪኩለሞች የየፊደሉን ድምፅ የሚያሰሙ መተግበሪያዎች አሏቸው፤ የወላጁ አፍ እንዳያግድ እነሱ ይበቃሉ።

ከአክሰንቱ ይልቅ ወላጅን የሚያሰናክለው ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ የተደገመ ፊደል ለአማርኛ ተናጋሪ ጥብቀት ይመስላል፤ «ሃፒ» ሲባል «ፒ»ዋን አጥብቆ ይጠራታል። በእንግሊዝኛ ግን ድግሙ የሚናገረው ከፊቱ ስላለው አናባቢ ነው፤ አጭር መሆኑን ያመለክታል። ይህን ሕግ ወላጁ ቀድሞ ከመምህሩ መመሪያ ላይ ቢያነበው ልጁን ከብዙ ስህተት ያድነዋል። ለዚህም ሲባል የመምህር መመሪያው ምን እንደሚባል ቃል በቃል የሚያስቀምጥ ካሪኩለም ለብዙ ሐበሻ ቤት ይስማማል።

«ፊደልና ኤቢሲዲ አብረው ከተማሩ ልጁ ይምታታበታል።»

አይምታታበትም፤ መልካቸው እንኳ አይገናኝም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፦ «ማ» ለእኛ አንድ ፊደል ነች፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ትጠይቃለች። ስለዚህ «ማፕ» ሲባል በፊደል የጀመረ ልጅ «ማ» ላይ ቆሞ ይቀራል። መፍትሔው ያው ገበታው ላይ አለ፦ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ ሲባል የማይለወጠውን ድምፅ ከሚለወጠው ለዩ ብሎ ማስጠየቅ ነው። ይህን የለየ ልጅ ለእንግሊዝኛው ተዘጋጅቷል። እንግሊዝኛው ይቅደም እያሉ አማርኛውን ማዘግየት ልጁን ምንም አያተርፈውም።

«ኦርተን-ጊሊንግሃም ከተባለ ያዋጣል።»

ሳሙኤል ኦርተን ሐኪም፣ አና ጊሊንግሃም መምህርት ነበሩ፤ ሁለቱ ማንበብ ለሚቸግራቸው ልጆች ያዳበሩት የማስተማር ስልት ነው በስማቸው የሚጠራው። ከኦርተን ጋር የሠራችው ሮማልዳ ስፖልዲንግ በ1957 ባወጣችው መጽሐፍ 70 የፊደልና የፊደል ጥምረት ድምፆችን ቅደም ተከተል አስይዛ አቀረበች፤ ዛሬ በቤት ለሚያስተምሩ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከዚያ የተቀዱ ናቸው። ስሙ ግን የስልት ስም ነው፤ ሽፋን ላይ መጻፉ የጥራት ማረጋገጫ አይሆንም።

ከዚሁ ጎን «ልጄ በዓይኑ የሚማር ነው» እያሉ ለዓይን፣ ለጆሮ፣ ለእጅ የተለየ መጽሐፍ መፈለግ አለ። ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 ማስረጃውን ሁሉ አገላብጠው፣ ትምህርትን በእንዲህ ያለ ክፍፍል ማበጀት ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያረጋግጥ በቂ ነገር አላገኙም። ሐሳቡ የሚጣፍጠው ልጅን ያከበረ ስለሚመስል ነው፤ ሻጮችም ይወዱታል። ስፔሊንግ በባሕርዩ ሦስቱንም ይፈልጋል፦ ድምፅ ይሰማል፣ ፊደል ይታያል፣ እጅ ይጽፋል።

«ሁለተኛ ክፍል ከሆነ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ይገዛለታል።»

የስፔሊንግ ደረጃ ከክፍል ጋር አይሄድም። በደንብ የሚያነብ የስምንት ዓመት ልጅም ቢሆን ከመጀመሪያው መጽሐፍ ቢጀምር አያሳፍርም፤ በፍጥነት ያልፈዋል። የመመደቢያ ፈተና ያለው ካሪኩለም ከሆነ ከመግዛት በፊት እሱን መሥራት ነው።

«ለምን ይደከማል? ኮምፒውተሩ ያርመዋል።»

«ዜር» በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ሦስቱም ለኮምፒውተሩ ትክክል ናቸው። ደግሞም ቃሉን ጨርሶ ያላወቀው ልጅ ማረሚያው እንኳ ሊገምተው የማይችለውን ይጽፋል።

«ሲያድግ ይስተካከላል።»

ቀኑን ሙሉ ሳይሆን በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል፣ በሥርዓት፣ ለወራት ተምሮ ድምፅ እየዘለለ የሚጽፍ፣ ትናንት የጻፈውን ዛሬ የማያውቅ ልጅ ካለ ሌላ ካሪኩለም መግዛት መፍትሔ አይሆንም። በቅድሚያ ጆሮና ዓይን ይታያል። ቀጥሎ የሚጠረጠረው ዲስሌክሲያ ነው፤ በቤተሰብ የሚተላለፍ ነው፤ ከስንፍናም፣ ከአእምሮ ማነስም፣ ሁለት ቋንቋ ከመናገርም አይመጣም። «ይደርሳል» የሚለው ማጽናኛ በእኛ ዘንድ የበረታው ሕፃን ላይ ስም እንዳይወጣ በመፍራት ነው፤ ፍርሃቱ ይገባል፤ ዓመታቱ ግን አይመለሱም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የአካባቢው የሕዝብ ትምህርት ቤት አስተዳደር የትምህርት ችግር ያለባቸውን ልጆች ፈልጎ የመመርመር ግዴታ አለበት፤ ይህ በቤት የሚማሩትንም ይጨምራል። ወላጁ ምርመራውን መጠየቅ ያለበት በጽሑፍ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ቀን ይኑርበት፤ ልጁ በግምት የጻፋቸው ሁለት ሦስት ገጾችም ይያያዙበት።