የዙሪክ መድፍ በሆላንድ የንግድ መርከቦችና በኢትዮጵያ

በጦርነት ጊዜ የንግድ መርከብን ማስታጠቅ ለምን እንደሚያስፈልግ መግለጽ አያዳግትም። ይልቅስ የሚከብደው ጥያቄ፣ መሣሪያውን ራሱ የማያመርት አገር ከየት ያገኘዋል የሚለው ነው። ይህን ለመመርመር፣ በዙሪክ ከተማ ኦርሊኮን በተባለው ሠፈር ይሠራ የነበረውን የ20 ሚሊሜትር መድፍ ተከትሎ የሆላንድንና የኢትዮጵያን ዕድል ማነጻጸር ይጠቅማል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሆላንድ ገለልተኛ ነበረች። በ1914 የተፋላሚዎቹ የጦር መርከቦች ወደ ግዛቷ እንዳይገቡ ስትከለክል፣ መድፍ የጫኑትን የንግድ መርከቦችም ከጦር መርከብ ቈጥራ አገደቻቸው፤ የብሪታንያም ተቃውሞ አቋሟን አላስለወጣትም። ሜይ 10 ቀን 1940 ጀርመን በወረረቻት ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ። መንግሥቷ ወደ ሎንዶን ተሰደደ፤ ከወረራው ያመለጡት የንግድ መርከቦቿም በዚሁ ስደተኛ መንግሥት ሥር ሆነው ለተባባሪዎቹ መንግሥታት ስንቅ፣ ነዳጅና ወታደር ማጓጓዝ ያዙ።

እነዚህም መርከቦች ታጠቁ። ሰርጓጅ መርከብን ለመከላከል በስተኋላቸው መድፍ ተተከለ፤ ለአውሮፕላን ደግሞ መትረየስና የኦርሊኮን መድፍ ተሰጣቸው። ኦርሊኮኑ 60 ጥይት በሚይዝ ክብ ካዝና የሚጎርስ፣ በደቂቃ እስከ 450 ጥይት የሚተፋ ነበር። አጠቃቀሙም ቀላል ስለሆነ መርከበኞች በአጭር ሥልጠና ሊተኩሱበት ይችሉ ነበር።

በጁን 1940 ፈረንሳይ ስትወድቅ ስዊስ በጀርመንና በኢጣሊያ ኃይል ተከበበች፤ የዙሪኩ ፋብሪካም ምርት በአብዛኛው ለእነርሱ ሆነ። ብሪታንያ ግን የማምረቱን ፈቃድ አስቀድማ አግኝታ፣ ንድፉንም ከስዊስ አውጥታ ነበር። ስለዚህ ከ1941 ጀምሮ መድፉ በብሪታንያና በአሜሪካ ተመረተ። የዙሪክ መንገድ ቢዘጋም የሆላንድ መርከበኛ የዙሪክን መድፍ አላጣም።

የኢትዮጵያ ዕድል ከዚህ የተለየ ነው። የኦርሊኮን ፀረ አውሮፕላን መድፍ ከኢጣሊያ ወረራ በፊት በእጇ ገብቶ ነበር፤ ቍጥሩ ግን ጥቂት ነው። የራሷ ወደብ ስላልነበራት ዋናው መግቢያዋ በፈረንሳይ እጅ ያለው ጅቡቲ ነበር። በ1935 ብሪታንያና ፈረንሳይ የመሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ ነፈጓት። በኦክቶበር የጄኔቫው የመንግሥታት ማኅበር ኢጣሊያን በጠብ አጫሪነት ኰንኖ በኢትዮጵያ ላይ የነበረውን እገዳ ሲያነሣ፣ ስዊስ ገለልተኝነቷን ምክንያት በማድረግ በሁለቱም ወገን ላይ እገዳ ጣለች። ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካዎች ስለነበሯት፣ እኩል የተባለው እገዳ የጎዳው አንዱን ወገን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን የለየው የሕዝቦቹ ጀግንነት ወይም የመድፉ ዐይነት አልነበረም። አንደኛዋ ክፍት ባሕር፣ የሚያመርት ወዳጅና የተረፈ ንድፍ ነበራት፤ ሁለተኛዋ ሦስቱንም አላገኘችም። ከ1993 ጀምሮ ያለ ወደብ የቀረችው ኢትዮጵያ ግን የንግድ መርከቦች አሏት፤ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በቀይ ባሕር በነጋዴ መርከቦች ላይ የደረሰው ጥቃትም ጥያቄውን አድሶታል። መርከብን ስለ ማስታጠቅ የሚመክር ሁሉ፣ ስለ መሣሪያው ከመነጋገሩ በፊት መሣሪያው የሚመጣበትን መንገድ ማን እንደሚዘጋው ሊጠይቅ ይገባዋል።