በምዕራብ ጎጃም የዕደ ጥበብ ግብዓት ከየት ይገዛል? ከመግዛት በፊትስ ምን ይመረመራል?

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በሽመና፣ በስፌት፣ በቀርከሃ፣ በብረትና በቆዳ ሥራ የሚተዳደሩ ዜጎች ገቢያቸው የሚወሰነው በእጃቸው ሙያ ብቻ አይደለም። የገዙት ክር፣ ቀለም ወይም ብረት ጥራትም የሥራውን ዕጣ ይወስናል። አንድ ሸማኔ ክሩን የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ከበዓል አስቀድሞ፣ በቁጠባው ወይም በብድር ነው። ጋቢው ተሸጦ ገንዘቡ የሚመለሰው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። በመካከሉ የጥለቱ ቀለም በመጀመሪያው እጥበት ቢለቅ ሸማኔው የክሩን ዋጋ፣ የድካሙን ጊዜና ደንበኛውን በአንድ ላይ ያጣል። ይህ ጽሑፍ ግብዓት የሚገኝባቸውን ቦታዎችና ከመግዛት በፊት ሊደረጉ የሚገባቸውን ምርመራዎች ለተገልጋዮች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

በአካባቢው የሽመና ግብዓት በሁለት መንገድ ይቀርባል። ማጉ በአብዛኛው በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሲሆን፣ ይህን የሚያቀርቡት በየቤታቸው ጥጡን ዳምጠው፣ ባዘቶ አድርገው በእንዝርት የሚፈትሉ እናቶች ናቸው። ድሩ ግን ዛሬ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው። ስለዚህ ፈትል ፈላጊ ወደ ሳምንታዊው ገበያ፣ ድር ፈላጊ ደግሞ ወደ ከተማው የክር መደብሮች መሄድ ይኖርበታል። የገበያ ቀን እንደየከተማው ስለሚለያይ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ቢጠይቅ ከአላስፈላጊ የጉዞ ወጪ ይድናል። ፈትል ለመግዛት ማለዳ መድረስ ይመረጣል፤ ቀጭንና እኩል የሆነው ልቃቂት ቀድሞ ይሸጣልና።

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ በመሆኗ ነጋዴዎች ከሁለቱም ከተሞች ዕቃ ለማምጣት ይመቻቸዋል። ቡሬ ደግሞ ከዚሁ መንገድ ወደ ነቀምቴ የሚገነጠለው፣ ዓባይን የሚሻገረው መንገድ መነሻ ናት። ጎጃምንና ወለጋን ያገናኝ የነበረው ንግድም ከጥንት ጀምሮ ያለፈባት ከተማ ናት። በቡሬ የተቋቋመው የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዋነኛነት ለግብርና ምርቶች ማቀነባበሪያ የታሰበ ስለሆነ የዕደ ጥበብ ግብዓት መሸጫ አድርጎ መቁጠር አይገባም። በአካባቢው ያልተገኘ የክር ዓይነት ካለ ቀጣዩ አማራጭ ባሕር ዳር ነው። በከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተገነባው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለክልሉ የዘርፉ ቀዳሚ ድርጅት ነው። ከዚያ የሚያልፍ ፍላጎት ያለው ሰው የአዲስ አበባውን መርካቶና ሽሮ ሜዳን ያስባል። ይሁንና ለአንድ ወይም ለሁለት ጋቢ የሚሆን ድር ለመግዛት አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አያዋጣም። ትራንስፖርቱ ከክሩ የዋጋ ልዩነት ይበልጣልና። በቀበሌው ያሉ አምስትና ስድስት ሸማኔዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ሰው ቢልኩ ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

የክር ቁጥርን ማወቅ

በፋብሪካ ክር ማሸጊያ ላይ 20፣ 30 ወይም 40 የሚል ቁጥር ይገኛል። ብዙዎች ይህን የጥራት ደረጃ አድርገው ይወስዱታል፤ ቁጥሩ ግን የሚናገረው የክሩን ቅጥነት ነው። በጥጥ ክር አቆጣጠር ቁጥር 1 ማለት 454 ግራም የሚመዝነው ክር 768 ሜትር ርዝመት አለው ማለት ነው። ቁጥር 20 ከሆነ በዚያው ክብደት ርዝመቱ 20 እጥፍ ይሆናል። በኪሎ ሲሰላ ቁጥር 20 ወደ 34 ሺህ ሜትር፣ ቁጥር 40 ደግሞ ወደ 68 ሺህ ሜትር ይደርሳል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል፣ ከአንድ ኪሎም የበለጠ ርዝመት ይገኛል። በሁለት የተገመደ ክር ማሸጊያው ላይ 20/2 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህ ውፍረቱ ከቁጥር 10 ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ነጠላውን ቁጥር 20 ያሰበ ገዢ እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ።

ማሸጊያው ተቀድዶ ወይም ተለውጦ ቢገኝስ? 100 ሜትር ክር ለክቶ በወርቅ ሠሪ ሚዛን ማስመዘን ይቻላል። ቁጥር 20 ወደ 3 ግራም፣ ቁጥር 40 ወደ 1.5 ግራም ይመዝናል። ለአንድ ድግ ክር ይህን ማድረግ አድካሚ ሊመስል ይችላል። በጆንያ ለሚገዛ ማኅበር ግን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ክሩ ንጹሕ ጥጥ መሆኑን ለማረጋገጥ ቁራጭ ክር በክብሪት ማቃጠል በቂ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ይሰጣል፣ የሚቀረውም በጣት ሲነካ የሚበተን አመድ ነው። ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ያለበት ክር ግን ቀልጦ ይኮማተራል፣ ሲቀዘቅዝም ጠጣር እንክብል ይተዋል። ሰው ሠራሽ ክር በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ለጥለት የሚመርጡት አሉ። ችግሩ የሚመጣው በጥጥ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

ባለቀለም ክር ከመግዛት በፊት አንድ ክንድ ያህል ወስዶ ሳሙና ባለበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መንከርና በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሳደር ይመከራል። በማግስቱ ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ ያ ክር ለነጭ ጋቢ ጥለት አይሆንም። ለናሙና የሚሆን ክር ለመቁረጥ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ቢያጋጥም ወደሚቀጥለው መደብር መሄድ ነው። በተለይ ጥቁር ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ሳይፈተኑ አይገዙ።

ጥጥ በክብደት ሲገዛ እርጥበቱ ይታይ። ደረቅ የሚመስል ጥጥም በተፈጥሮው ከአየር የሚወስደው እርጥበት አለው። ከዚያ አልፎ ውኃ የተረጨበት ጥጥ ግን ገዢው የጥጥ ዋጋ ለውኃ እንዲከፍል ያደርጋል። እጅን ወደ ጆንያው መካከል ማስገባት፣ መቀዝቀዙንና መጣበቁን ማየት ያስፈልጋል። የላዩ ብቻ አይታይ፤ ፍሬና ገለባ የሚቀመጠው ከሥር ነው።

የስፌት፣ የቀርከሃና የሌሎች ሙያዎች ግብዓት

ለሞሶብና ለሰፌድ የሚሆኑት ስንደዶና አክርማ የሚሰበሰቡት ክረምቱ ሲወጣ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የገዛ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራበትን ያከማቻል፤ በበልግ የሚፈልግ ግን ያረጀና የሚሰባበር ያገኛል። ሰበዙ ሲታጠፍ የማይሰበር፣ ሻጋታ የሌለበት መሆኑ ይታይ። አለላው ላይም ከላይ የተገለጸው የቀለም ሙከራ ይሠራል። ሞሶብ እንጀራ የሚቀርብበት ዕቃ ስለሆነ የሚለቅ ቀለም እዚህ ከጋቢውም የባሰ ጉዳይ ነው።

ቀርከሃ ለሚፈልጉ የቅርቡ ምንጭ ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የእንጅባራ አካባቢ ነው፤ በዚያ በመንገድ ዳር ወንበርና አልጋ ተሠርቶ ሲሸጥ ይታያል። የደጋ ቀርከሃ ለሥራ የሚደርሰው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆነው ነው። ለጋው ስታርች የበዛበት ስለሆነ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ቶሎ ይበላዋል። በበጋ የተቆረጠውን መምረጥ ይገባል።

አንጥረኞች ማረሻና ማጭድ የሚሠሩት በአብዛኛው ከመኪና ባሌስትራና ከሌላ ቁርጥራጭ ብረት ነው። እነዚህ ጋራዦች ባሉባቸው ከተሞች ይገኛሉ። ስንጥቅ ያለበት ባሌስትራ በእሳት ውስጥ ስንጥቁ ይሰፋል እንጂ አይድንም። ቆዳ የሚበዛው ዕርድ በሚበዛባቸው የበዓል ሰሞናት ነው፤ የቢላዋ ቁስል ያለበት ቆዳ ዋጋው ዝቅ ማለት አለበት። ዋንዛን የመሳሰሉ የአገር በቀል ዛፎች ጣውላ የሚገዙ የእንጨት ሠራተኞች ግን የማጓጓዣ ፈቃዱን ሳያዩ ገንዘብ እንዳይከፍሉ አጥብቀን እናሳስባለን፤ ያለ ፈቃድ የተጓጓዘ ጣውላ ሲያዝ ገዢውም ይጠየቃልና።

ደረሰኝ ለምን ያስፈልጋል?

በዚህ ላይ ብዙ ሙያተኞች የማያውቁት ነጥብ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ብሎ የሚተረጉመው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ለማምረቻ ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። እንግዲህ አምስት ኪሎ ክር ለሥራው የገዛ ሸማኔ፣ ጉድለት ባገኘበት ጊዜ እንደ ሸማች አቤት ማለት ሊያስቸግረው ይችላል። መብት የለውም ማለት ግን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሽያጭ ውልን ይገዛል። በዚህ ሕግ መሠረት ገዢው ዕቃውን በመጀመሪያው አጋጣሚ መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ክሩን ቤት አስቀምጦ ከሦስት ወር በኋላ አበላሸኝ የሚል ሰው ጉዳዩን ለማስረዳት ይቸገራል።

ስለዚህ ንግድ ፈቃዱ በግልጽ ከተለጠፈበት መደብር መግዛት፣ የክሩን ዓይነት፣ ቁጥርና ክብደት የሚገልጽ ደረሰኝ መቀበል፣ ከተገዛውም ላይ ጥቂት ናሙና ከማሸጊያው ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በገጠር ገበያ ከፈታይ እናት ፈትል ሲገዛ ደረሰኝ መጠየቅ ተገቢም ተግባራዊም አይሆንም። እዚያ ዓይንና እጅ በቂ ናቸው፤ የገዢና ሻጭ መተዋወቅም ዋስትና ነው።

በማኅበር ተደራጅተው በጅምላ መግዛት፣ የመሥሪያ ቦታ ወይም ብድር ማግኘት የሚፈልጉ ተገልጋዮች በወረዳቸው ወይም በከተማ አስተዳደራቸው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ቀርበው ይጠይቁ። ሲሄዱ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የአባላቱን ስም ዝርዝር፣ በወር የሚያስፈልገውን የግብዓት ዓይነትና መጠን የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢይዙ ጉዳያቸው ቶሎ ይታያል። ከሻጭ ጋር በሚዛን ወይም በጥራት አለመግባባት የገጠማቸው ደግሞ ደረሰኙንና ናሙናውን ይዘው በዚያው ወረዳ ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላሉ።