ፎስፈረሱ ማሳው ላይ ይቅር

እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌለው ገበሬ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። አረሙ ግን ተመልሶ ይበቅላል። እምቦጭም ሆነ አልጌ የሚያድገው ውኃው ውስጥ ባገኘው ምግብ ስለሆነ፣ መፍትሔው የሚጀምረው ምግቡ የሚመጣበትን መንገድ ከማወቅ ነው።

አሜሪካዊው አልፍሬድ ሬድፊልድ የባሕርን ውኃ መርምሮ፣ ጥቃቅን የውኃ ዕፅዋት ለአንድ አቶም ፎስፈረስ 16 አቶም ናይትሮጅን እንደሚወስዱ አሳይቷል። በክብደት ሲሰላ ለ1 ኪሎ ፎስፈረስ 7 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ነው። ከዚህ ምጥጥን አንጻር ከሁለቱ ያነሰው እድገቱን ይገታል። ናይትሮጅን ሲያንስ አንዳንድ የአልጌ ዓይነቶች ከአየር ይወስዳሉ፤ ፎስፈረስ ግን ከአየር አይገኝም። በ1973 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ ለሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ሲጨመር፣ በአልጌ የተሸፈነው ፎስፈረስ የተጨመረበት ወገን ብቻ ነበር።

ጎጃም ውስጥ ገበሬው ሲጠቀምበት የቆየው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ በኩንታል 19 ኪሎ ናይትሮጅንና 16 ኪሎ ተኩል ያህል ንጹሕ ፎስፈረስ አለው። ለአልጌ ከሚያስፈልገው አንጻር ፎስፈረሱ እጅግ ያይላል። 1 ኪሎ ፎስፈረስ ሐይቅ ቢደርስ 100 ኪሎ ገደማ ደረቅ አልጌ ሊያበቅል ይችላል።

በደጋው ኮምጣጣ አፈር ፎስፈረሱ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚጣበቅ ሰብሉ በቅጡ አያገኘውም። ለጤፍ ደጋግሞ ታርሶ የለሰለሰው ማሳ ሐምሌ ላይ በጎርፍ ሲታጠብ፣ ፎስፈረሱ አፈሩን ተከትሎ ይሄዳል። ከሰከላ የሚነሳው ግልገል አባይ ወደ ጣና ያስገባዋል፤ ከጮቄ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋ ደግሞ በአባይ በኩል ወደ ሕዳሴው ግድብ ይወስደዋል።

ስለዚህ እርከን፣ ኖራና የወንዝ ዳር ሣር የሐይቅም መድኃኒት ናቸው። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፤ ኖራው ኮምጣጣነቱን አብርዶ ፎስፈረሱን ለሰብሉ ይለቃል፤ ሣሩ ያመለጠውን ያጣራል። ፍጉም ኩበት ሆኖ ከመንደድ ይልቅ ማሳ ላይ ቢመለስ የሚገዛው ማዳበሪያ ይቀንሳል።

ውጤቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጣና ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ስለማይበልጥ ነፋስ ከሥሩ የተከማቸውን ደለል እየቀሰቀሰ የቆየውን ፎስፈረስ ይመልሰዋል። ደለሉ አልጌውን እየመገበ ብርሃንም ይጋርድበታል። አዲስ ደለል ሲቀንስና ውኃው ሲጠራ፣ አልጌው ለጊዜው ሊበረታ ይችላል። ያን ጊዜ እርከኑ አልጠቀመም ብሎ መተው ትልቅ ጥፋት ነው፤ ክምችቱ የሚያልቀው አዲስ ፎስፈረስ ለዓመታት ሳይጨመርበት ሲቀር ብቻ ነውና።