ቃሉ ተተርጉሞ ነገሩ ሲቀር

የዛሬው ገለጻዬ መነሻ «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» የተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድርሰት በ1991 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ዳርሞክ» የተባለ ክፍል ነው። የጠፈር መርከብ አዛዡ ፒካርድ ታማሪያን ከተባሉ ሕዝቦች ጋር ይገናኛል። የትርጉም መሣሪያው ቃላቸውን ይተረጉምለታል፤ ነገራቸው ግን አይገባውም። ሐሳባቸውን የሚገልጹት በጥንታዊ ተረታቸው ያሉትን ሰዎችና ቦታዎች በመጥራት ነውና።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንድ አዛውንት «ከክፉ ቀን የተረፈ ዘር ነው» ቢሉ፣ መሣሪያ «መጥፎ ዕለት» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኛ ግን በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የከብት እልቂት ያስከተለውን ታላቅ ረኃብ እንሰማለን። ሁለት ቃላት የአንድ ትውልድ መከራ ተሸክመዋል።

ልዩነቱን ግን መዘንጋት አይገባም። ቋንቋ በተረት ጥሪ ብቻ ሊቆም አይችልም፤ ተረቱን ራሱን ለልጅ ለመንገር ተራ ቃላት ያስፈልጋሉና። የድርሰቱ ደካማ ጎን ይህ ነው።

ጠንካራ ጎኑስ? የታማሪያኑ አዛዥ ዳቶን ለመግባባት ሲል ሕይወቱን ይሰጣል፤ ፒካርድም በሞት አፋፍ ላይ ላለው ለዚህ ሰው የጊልጋሜሽን ታሪክ ይተርክለታል። ያቀራረባቸው መዝገበ ቃላት ሳይሆን የተለዋወጡት ታሪክ ነው።

አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ገበያ በሚደመጡበት አገር፣ በችሎትም ሆነ በጤና ጣቢያ የሚቆም አስተርጓሚ ቃሉን አድርሶ ነገሩን ቢያስቀር፣ የሚጎዳው ባለጉዳዩ ነው። ስለዚህ የጎረቤታችሁን ቋንቋ ስትማሩ፣ ከቃሉ ጋር ታሪኩንም ጠይቁ።