ለአንድ ዝርዝር ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

አለቃችሁ መጥቶ «ይሄ አሮጌ ፕሮግራም የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ጠየቃችሁ እንበል። መልሱ ዳታቤዙ ውስጥ አለ። ታዲያ አውጥቶ ለማሳየት ግማሽ ቀን የሚፈጀው ለምንድን ነው?

የድርጅት ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረውን የማይክሮሶፍት ኮንፊገሬሽን ማናጀርን እንይ። በ2007ቱ ዕትም ሪፖርት መሥራት ቀላል ነበር፦ ስም ትሰጡታላችሁ፣ ዳታቤዝ በሚጠየቅበት ቋንቋ በኤስኪውኤል ጥያቄያችሁን ትጽፋላችሁ፣ ሴቭ ታደርጋላችሁ። ብራውዘር ላይ ሠንጠረዡ ይመጣላችኋል፤ አለቀ። በ2012ቱ ዕትም ይህ መንገድ ቀረና ሪፖርት ሁሉ በኤስኪውኤል ሰርቨር ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ በኩል ሆነ። አሁን ሪፖርት ቢልደር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ትከፍታላችሁ። ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ዳታ ሶርስ፣ ቀጥሎ ጥያቄው የሚገባበትን ዳታሴት፣ ከዚያም ሠንጠረዡን አምድ በአምድ ታዘጋጃላችሁ። አንባቢው የፕሮግራሙን ስም ከዝርዝር እንዲመርጥ ካሰባችሁ ደግሞ ለዝርዝሩ ብቻ ሌላ ዳታሴት ይጨመራል።

ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። አዲሱ መንገድ ሪፖርቱን በቀጠሮ በኢሜይል ይልካል፣ ከ2012 አር2 ዕትም ወዲህ ደግሞ ማን የትኛውን መረጃ ማየት እንደሚፈቀድለት ይለያል። ለትልቅ ድርጅት ይህ በጣም ይጠቅማል። እኔን የሚያናድደኝ አሥር መስመር ዝርዝር ብቻ የፈለገው ሰውም ያንኑ ሁሉ ደረጃ እንዲወጣ መገደዱ ነው። የአይቢኤሞቹ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ እኮ በ1974 እ.ኤ.አ. የዛሬውን ኤስኪውኤል ሲኩዌል ብለው ሲያቀርቡት፣ የሒሳብ ባለሙያውም መሐንዲሱም ፕሮግራመር ሳይለምን ዳታቤዙን ራሱ እንዲጠይቅ አስበው ነበር!

እናም ሪፖርት ቢልደርን መጀመሪያ አትክፈቱት። ጥያቄውን የኤስኪውኤል ሰርቨር መሣሪያ በሆነው ማኔጅመንት ስቱዲዮ ላይ ጻፉና ሞክሩት። ዋናዎቹን ሠንጠረዦች ተዉና ለሪፖርት ከተዘጋጁት ቪው ከሚባሉት ጠይቁ፤ አንዱ የኮምፒውተሮቹን ስም፣ ሌላው የተጫኑትን ፕሮግራሞች ይዟል፣ ሁለቱም ሪሶርስ አይዲ በሚባለው የኮምፒውተሩ መለያ ቁጥር ይያያዛሉ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፦ የ64 ቢት ፕሮግራሞች ለብቻቸው የሚቀመጡበት ቪው ስላለ፣ የ32 ቢቱን ብቻ ከጠየቃችሁ ዝርዝሩ ሳታውቁት ይጎድላል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሳየውን ምረጡ።

አንዴ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ውጤቱን ኤክሴል ላይ ገልብጣችሁ ላኩት። በየወሩ የሚጠየቅ ከሆነ ያንኑ የተፈተነ ጥያቄ ሪፖርት ቢልደር ውስጥ ለጥፉት። ዳታቤዙን ለመጠየቅ ፈቃድ ከሌላችሁ አስተዳዳሪውን ለምኑ፤ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይበቃችኋል።